ጀልባዬ የከረመችበት የገላን እንጨት ቤት

ከአዲስ አበባ በቃሊቲ በኩል ወጥቶ አቃቂን ያለፈ ሰው፣ ዱከም ከመድረሱ በፊት ገላን ላይ ከዋናው አስፋልት ታጥፎ ኮብልስቶኑን ተከትሎ ቢሄድ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅም ጭቃውን ቢታገሥ፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የሌለው ሰፊ የቆርቆሮ ግቢ ያገኛል። ከውጭ ለሚያየው የበርና የመስኮት ሥራ ቤት ነው፤ አብዛኛው ገቢውም ከበርና ከመስኮት፣ ከአልጋና ከቁም ሣጥን የሚገኝ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ግን በግቢው የኋላ ክፍል፣ ከረጅሙ ጣራ ሥር፣ ባሕር በሌላት አገር ዋና ከተማ ዳርቻ ማንም አያለሁ ብሎ የማይጠብቀው ነገር ይሰለፋል፤ ሆዳቸው ወደ ሰማይ የተገለበጠ የእንጨት ጀልባዎች። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ከተሰለፉት አምስት ጀልባዎች አንዷ የእኔ ነበረች። አራት ወር ተኩል ያህል ከዚህ ሥራ ቤት ጋር ስመላለስ ያየሁትን፣ የከፈልኩትን፣ የወደድኩትንና ያልወደድኩትን እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

ጀልባዋ 4.80 ሜትር ርዝመት አላት፤ በሰፊው ቦታዋ ላይ 1.50 ሜትር ትሰፋለች፤ ሁለት ሰው ይቀዝፋታል። አባቴ በ1964 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ለአንድ አናጢ ከፍለው ያሠሯት ሲሆን ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ነው። ጣውላዎቿ ዝግባ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደረብ ጠርዝ ለጠርዝ ተጋጥመው ከጎድኖቹ ጋር በብረት ሚስማር ተመትተዋል። ዝግባ ቀጥ ያለና ለመላጊያ የሚመች፣ ለቤት ውስጥ ሥራ የተመሰገነ እንጨት ነው፤ እርጥበት ላይ ግን ዕድሜ የለውም። በየዓመቱ ቀለም ስለተቀባችና አባቴ በሕይወት ሳሉ ዝናብ ሲመጣ ገልብጠው ስለሚያስቀምጧት ብቻ ነው ይህን ያህል የቆየችው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሦስት ክረምት ሰማይ ሥር አፏን ከፍታ ዝናብ ስትጠጣ ከረመች፤ ጥፋቱ የእኔው ነው።

እዚህ ላይ ጀልባ ያለው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ላይ የእንጨት ጀልባ ዋና ጠላት እንጨት ሰርስሮ የሚገባው የባሕር ትል ነው፤ ይህ ትል በጨዋማ ውኃ እንጂ በእኛ ሐይቆች ውስጥ አይኖርም። በአንጻሩ የባሕር ጨው ራሱ እንጨትን ከመበስበስ በመጠኑ ይጠብቀዋል፤ ከሰማይ የሚወርደው ጨው አልባ ውኃ ግን ከላይ ገብቶ ከታች ሲያቁር የሻጋታና የብስባሽ ማደሪያ ያደርገዋል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ለመራባት በእንጨቱ ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ እርጥበት ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ሲሆን እንቅልፍ ይወስደዋል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የእንጨት ጀልባ ያላቸው ሰዎች በረዶ ከመግባቱ በፊት ጀልባቸውን ከውኃ አውጥተው ብርዱ እስኪያልፍ የሚጠግኑበት ልማድ አላቸው፤ የእነሱ ክረምት ብርድ ስለሆነ ችግራቸው ሙጫና ቀለም አልደርቅ ማለቱ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ጀልባው ሥራ የሚፈታበት ወቅት ከሌላው ጊዜ ይልቅ እንጨት የሚበሰብስበት ወቅት ነው፤ ስለዚህ በክረምት ጀልባ እጠግናለሁ የሚል ሥራ ቤት በመጀመሪያ ሊመዘን የሚገባው በመዶሻው ሳይሆን በጣራውና በአየሩ ነው።

በዚህ መለኪያ የገላኑ ሥራ ቤት ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጀልባዋን ግንቦት 23 ቀን ከቢሾፍቱ በአይሱዙ ጭነን ስናደርስ ሁለት ጎረምሶች ወዲያውኑ ወደ መሬት ሊያወርዷት ሲሉ የሥራ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ አናጢ፣ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። አራት የእንጨት ርብራብ ከተዘጋጀ በኋላ ከመሬት ወገብ ያህል ከፍ ብላ ተገልብጣ ተቀመጠች። የጣራው ሦስት ጎን ክፍት ነው፤ ነፋስ ያለ ከልካይ ያልፋል። እኔ በደግነት ያመጣሁትን ሰፊ ላስቲክ ሲያዩ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ይኼ እንጀራ መሸፈኛ ነው፤ እንጨት በዚህ ከሸፈንሽው ያልበዋል» አሉኝና ላስቲኩን ለሲሚንቶ ከረጢቶቻቸው ወሰዱት። እስከ ዛሬም አልመለሱልኝም።

ምርመራው የተደረገው በወስፌ ነው። ጋሼ ስፌት የሚሰፋበትን ተራ ወስፌ በአንድ እጃቸው፣ የመዶሻ እጀታ በሌላው ይዘው ከአፍንጫዋ ጀምሮ እስከ ጅራቷ እያንዳንዷን ጣውላ በየስንዝሩ አንኳኩ። ደኅና የሆነው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ዱባ እንደ መምታት ነው። ድምፁ የደነዘዘበት ቦታ ላይ ወስፌውን ይወጉታል፤ ወስፌው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ገብቶ ከቆመ ይተዉታል፤ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ከሰመጠ በጠመኔ ያከብቡታል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ሲጨርሱ ከሃያ ጣውላዎች ሰባቱ፣ ከጎድኖቹም አራቱ በነጭ ክብ ተሞልተው ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እኔ ደኅና ነው ብዬ የማልኩለት፣ ከአከርካሪው ጋር የሚገናኘው የታችኛው ጣውላ ነበር፤ ቀለሙ ከላይ አንዳች ጉድለት ሳይታይበት ውስጡ ባዶ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሌሎች አናጢዎች ጀልባዋን ቢሾፍቱ ድረስ መጥተው አይተው ነበር፤ ሁለቱም በዐይን ብቻ አይተው ዋጋ ነው የነገሩኝ።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ለእኔ የዚህ ሥራ ቤት ዋና ማስረጃ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። እኔ ይዤ የሄድኩት ሐሳብ የበሰበሰው ተለውጦ ሲያበቃ ጀልባዋ ከውጭ በፋይበር ግላስና በኢፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) ሙሉ በሙሉ እንድትለበስ ነበር። ይህን ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ለሥራ ቤቱም ከጣውላ መለወጥ የቀለለና የበለጠ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ነው። ጋሼ አልፈልግም አሉ። ምክንያታቸው በአናጢ አነጋገር አጭር ነበር፤ «ጣውላ ይተነፍሳል፤ ፋይበር አይተነፍስም።» በረዘመ አነጋገር ሲገለጽ ነገሩ እንዲህ ነው። ጠርዝ ለጠርዝ የተጋጠመ ጣውላ ውኃ ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ የደረቀው የፋይበር ልብስ ግን እንደዚያ አይለጠጥም። ከጥቂት ወራት በኋላ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ በልብሱና በእንጨቱ መካከል ተዘግቶ ይቀራል፤ እንጨቱም ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። በቀጭን ኮምፔንሳቶ ለተሠራች ወይም ጣውላዋ ከመጀመሪያው እርስ በርሱ በሙጫ ለተጣበቀ ጀልባ ዘዴው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለአሮጌ የጣውላ ጀልባ ግን ከፈን ነው። አንድ ነጋዴ ደንበኛው ራሱ የጠየቀውን የተሻለ ክፍያ ያለው ሥራ ለደንበኛው ጥቅም ሲል እምቢ ሲል ማየት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ለዚህ ሥራ ቤት ያለኝ እምነት የጀመረው በዚያ ቀን ነው።

ሰኔና ሐምሌ ያለፉት በማድረቅ ነው። ከጀልባ ባለቤቶቹ አንዱ ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ስላለው ያውሰናል፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ የታችኛው ጣውላ 31 በመቶ አነበበ፤ ሐምሌ ማብቂያ ላይ ወደ 18 ወርዷል። ዝናቡ ከጣራው ጫፍ እንደ ገመድ እየወረደ፣ ከጣራው ሥር እንጨቱ እየደረቀ መሄዱ መጀመሪያ የማይታመን መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ እንጨት የሚደርቀው በፀሐይ ብቻ ሳይሆን በሚንቀሳቀስ አየርም ነው። ከዚህ በታች መውረድም አይፈለግም። በበጋ ፀሐይ ላይ ደርቃ 9 ወይም 10 በመቶ የደረሰች ጀልባ መጋጠሚያዎቿ ጣት እስኪያስገቡ ይከፈታሉ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለች ክፍተቱ ቢደፈንና ኋላ ውኃ ላይ ስታብጥ፣ ጣውላው የሚሄድበት ቦታ አጥቶ ሚስማሩን ከጎድኑ ይነቅለዋል። ስለዚህ የእኛ ክረምት፣ ጣራና ነፋስ ካለው፣ ለማድረቅ ቀርፋፋ ቢሆንም ልክን ላለማለፍ ይበጃል ማለት ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር።

ለተለወጡት ሰባት ጣውላዎች የተመረጠው እንጨት ጽድ ነው። ጽድ ከዝግባ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ በሕግ የተከለከለ ዛፍ በመሆኑ አዲስ የተቆረጠ ጽድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም ሥራ ቤቱ ወረቀት ይጠይቃል፤ የእኔ ጀልባ የተጠገነችበት ግን ከፈረሱ የድሮ ቤቶች የተገኘ ምሰሶ ነው። በመጋዝ ሲሰነጠቅ ግቢው ሁሉ ጽድ ጽድ ይሸታል፤ ስልሳ ሰባ ዓመት የጭቃ ግድግዳ ውስጥ የቆመ እንጨት ውስጡ ገና ቀይ ነበር። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጽድ ቋጠሮ ስለሚበዛበት ከአራት ሜትር በላይ ንጹሕ ጣውላ ማግኘት ከባድ ነው፤ በመሆኑም እያንዳንዱ ጣውላ ከሁለት ቁራጭ ተቀጠለ። ቅጥያው የውፍረቱን ስምንት እጥፍ በሚረዝም ተዳፋት ነው የሚቆረጠው፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ 16 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ይህን ልኬት በእያንዳንዱ ቅጥያ ላይ በራሴ ሜትር አረጋግጫለሁ፤ አንዱም አላጠረም። ሁለተኛ፣ እንዲህ የደረቀ እንጨት በእንፋሎት በቀላሉ አይታጠፍም።

የእንፋሎቱ ነገር ለብቻው መጻፍ የሚገባው ነው። ወደ አፍንጫዋ የሚታጠፉት ጣውላዎች በረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተው ከበርሜል በሚመጣ እንፋሎት ይለሰልሳሉ። በዓለም ላይ በጀልባ ሠሪዎች ዘንድ የሚሠራበት ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት የሚል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጣውላ በዚህ ሒሳብ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ወጣና በሁለተኛው ሞርሳ ላይ ጧ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ገላን ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ስለሆነ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቆላ ወርዶ ንፍሮ የቀቀለ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ጣውላዎቹ አራት ቀን በውኃ ተዘፍዝፈው፣ በእንፋሎቱም ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይተው ሲወጡ፣ አራት ሰዎች በጓንት ይዘው እየሮጡ ከጀልባዋ ጎን ላይ አስተኟቸው፤ ከሣጥኑ እስከ መጨረሻው ሞርሳ ድረስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲያ የተሰበረ የለም። ለተሰበሩት ሁለት ጣውላዎች እንጨት ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ መጠየቅም አልነበረባቸውም። አራቱ ጎድኖች የተሠሩት በሌላ ዘዴ ነው፤ ግራቪሊያ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ በቅርጽ ላይ በኢፖክሲ ተደራርቦ ተጣበቀ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም።

በነሐሴ መጋጠሚያዎቹ ተደፈኑ። ለዚህ ሥራ በውጭ አገር ለብቻው የሚሸጥ፣ ላላ ብሎ የተገመደ የጥጥ ገመድ አለ፤ እኛ ዘንድ የለም። ሥራ ቤቱ በምትኩ የሚጠቀመው ባዘቶ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሁለት ኪሎ ባዘቶ ገዝቼ እንዳመጣ ታዘዝኩ፤ የግቢው ሴቶች ቡና እየተፈላ በጭናቸው ላይ ላላ አድርገው ገመዱት፤ የአናጢዎቹ እጅ ግን በጣም አጥብቆ ስለሚገምደው እንዳይነኩት ተከለከሉ። ገመዱ በመጋጠሚያው ውስጥ በሽብልቅ ቅርጽ በተሠራ ብረትና በመዶሻ እየተመታ ይገባል። ጋሼ መዶሻውን ለእኔ ሰጥተው አንድ ክንድ ያህል እንድደፍን ፈቀዱልኝ፤ በኃይል ስመታ ሲያዩ ግን «አታስጨንቂው፤ ነገ የሚያብጥበት ቦታ ተይለት» አሉ። የእኔን አውጥተው እንደገና ሠሩት። በጥጡ ላይ የተሞላው ስቱኮ ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት የተቦካ ነው፤ ለመድረቅ ቀናት የሚፈጅ፣ ከደረቀም በኋላ ከእንጨቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ነው። በዘይቱ የራሱ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሙቀት አጠራቅሞ ሊነድ እንደሚችል ስለሚያውቁ ጨርቆቹን በየማታው በገመድ ላይ ዘርግተው ያሰጧቸዋል። ይህን ጥንቃቄ በብዙ ትልልቅ የፈርኒቸር ቤቶች አላየሁም።

ይህን ሥራ ቤት ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ደግሞ ዋጋው ላይ ያልተጻፈው የቅዳሜ ቡና ነው። ከሰዓት በኋላ የጀልባ ባለቤቶቹ እንሰበሰባለን፤ አንዱ የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ አንዱ ቆቃ ላይ ሰው የሚያሻግር፣ ሌላው ላንጋኖ ላይ ለቤተሰቡ መዝናኛ ያስቀመጣት ጠፍጣፋ የኮምፔንሳቶ ጀልባ አለችው፣ አምስተኛዋ ደግሞ ከቢሾፍቱ ሆቴል የመጣች ናት። በአገራችን ውኃ ላይ የሚሄድ ነገር ሲያረጅ መጠገን የተለመደ አይደለም፤ የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ወራት ቆይቶ ውኃ ሲጠግብ በአዲስ ይተካል እንጂ ማንም ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ አያድሰውም። ስለዚህ የእንጨት ጀልባ ያለው ሰው የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ ሐይቆቹም የተራራቁ ናቸው፤ በበጋ ማንም ማንንም አያይም። በዚህ ግቢ ግን የዝዋዩ ሰው የብረት ሚስማር ለምን ዙሪያውን እንደሚያጠቁር ለሆቴሉ ሰው ሲያስረዳ፣ የላንጋኖው የእርጥበት መለኪያውን ሲያውስ፣ ኢፖክሲውን አምስታችን ተዋጥተን በአንድ ጊዜ ስንገዛ አይቻለሁ። ኢፖክሲውና ማድረቂያው ለአንድ ጀልባ ብቻ ቢገዙ ግማሹ ይተርፋል፤ ሲጋሩት ግን ምንም አልተረፈም። ጋሼ ቡናውን ይከፍላሉ፤ ስኳሩን እኛ።

የመዳብ ሚስማር ሐሳብም የመጣው ከዚሁ ቡና ነው። እርጥብ እንጨት ውስጥ ያለ ብረት ሲዝግ ዙሪያውን ያለውን እንጨት ጭምር ያበላሻል፤ ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1628 ሰጥማ በ1961 ከባሕር ያወጧት ቫሳ የተባለችው መርከብ እንኳ በሙዚየም ውስጥ ተቀምጣ የዛጉ ብሎኖቿ በማይዝግ ብረት እንዲለወጡ ያስገደደው ይኸው ብረትና እንጨት አለመስማማታቸው ነው። በገበያችን ለጀልባ የሚሆን የመዳብ ሚስማር ስለሌለ የቆቃው ሰው ለኤሌክትሪክ መስመር መሬት ማያያዣ የሚውለውን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቆራርጦ መጠቀምን አሳየን፤ ሽቦው በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ በኩል ከመዳብ ላሜራ የተቆረጠች ክብ ላይ ጫፉ በመዶሻ ይደፈጠጣል። ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ተመትተዋል። ቅሬታዬ ግን ካልተለወጡት የላይኞቹ ጣውላዎች ላይ ያሉት የብረት ሚስማሮች እዚያው መቅረታቸው ነው። መዳብና ብረት በእርጥበት ውስጥ ሲጎራበቱ ብረቱ ፈጥኖ ይበላል። ጋሼ የላይኞቹ ከውኃ በላይ ስለሆኑ ግድ የለም ብለዋል፤ እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በዚሁ ምክንያት የምመለስ ይመስለኛል።

ወደ ሌሎቹ ጉድለቶች ልግባ። አሮጌው ቀለም የተፋቀው በደረቁ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀትና በማሽን ሲፋቅ አቧራው ግቢውን ሞላው፤ ሁለቱ ጎረምሶችም አፋቸውን በነጠላ ጫፍ እንኳ አልሸፈኑም ነበር። የ1960ዎቹ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት እንደሚችል ነግሬ ማስክ ገዝቼ ባመጣም ሁለት ቀን ለብሰው ተዉት። እርጥብ አድርጎ መፋቅ ይቻል ነበር። በፍልሰታ ጾም ዋናው ረዳት አናጢ ሱባኤ ገብቶ ሥራው ሁለት ሳምንት ሲቆም የነገረኝ ሰው የለም፤ በጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ በከንቱ ተመላልሻለሁ። ስልክ መደወል የሥራ ቤቱ ባህል አይደለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የላቸውም፤ ይህ ግን በእጅ መጋዝና በመላጊያ ለሚሠራ ቤት ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም፤ እንዲያውም ጸጥታው ደስ ይላል።

ዋናው ስሕተት የተፈጸመው በቫርኒሹ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ትዕግሥት በመጨረሻው ሳምንት የት እንደሄደ አላውቅም። መቀመጫዎቿና ጠርዟ በቫርኒሽ ስድስት ጊዜ እንዲቀቡ ነበር የተስማማነው፤ የቢሾፍቱ ፀሐይ ቀላል አይደለችም፤ ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ቢሾፍቱም ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት። አራቱ ቅብ በደኅና ቀን ተቀባ። አምስተኛው ግን ከእንቁጣጣሽ በፊት ለመጨረስ በነበረው ጥድፊያ ካፊያ ባለበት ከሰዓት በኋላ ተቀባና በማግሥቱ የኋላው መቀመጫ ወተት እንደፈሰሰበት ነጭ ሆኖ ተገኘ። እርጥበት ነው። ጋሼ ራሳቸው አይተው አልካዱም፤ ይፋቃል አሉ፤ ነገር ግን ሳይፋቅ ስድስተኛው ቅብ በላዩ ተደረበበት። ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ እንጂ ማን እንዳደረገው የነገረኝ የለም።

ስለ ዋጋ፦ በመጀመሪያ የተነገረኝ 148,000 ብር ነበር፤ በመጨረሻ የከፈልኩት 176,400 ብር ነው። ልዩነቱ ከመዳቡና ከተጨማሪ ሁለት ጎድን የመጣ ሲሆን እያንዳንዱ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ተዘርዝሮ ተሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ወረቀቱ የተሰጠኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ አልከለክልም ነበር፤ ቅር ያለኝ አለመጠየቄ ነው። ማጓጓዣው ለብቻ ነው፤ ከቢሾፍቱ ገላን ለአንድ ጉዞ 8,500 ብር ከፍያለሁ። ለዚህ ገንዘብ አዲስ የፋይበር ጀልባ አይገዛም፤ ያገለገለ ግን ምናልባት ይገኛል። ጀልባ ለገቢ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ ቢያሰላው ይሻለዋል።

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሮጌው መንገድ በዱከም አድርገን ቢሾፍቱ መለስናት። ጋሼ በአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው መጡ፤ ይህ በዋጋው ውስጥ የለም። ባቦጋያ ውስጥ ስናስገባት በየመጋጠሚያው ውኃ ማንጠባጠብ ጀመረች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ነበረባት። የሆቴሉ ጥበቃ «ገንዘብሽን በሉት» ብሎ አዘነልኝ። ጋሼ ግን የላላ የመጥረቢያ እጀታ ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደሚጠብቅ አስታውሰው፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ አስረን እንድንተዋት፣ እንዳንቀዝፋት፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ውኃዋን እንድንቀዳ አዘዙ። በመጀመሪያው ማታ አሥራ አንድ ባልዲ ቀዳሁ። በማግሥቱ ጠዋት አራት፣ ማታ አንድ ተኩል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስሄድ ከታች ያለው እንጨት ረጥቦ ነበር እንጂ በባልዲ የሚቀዳ ውኃ አልነበረም። ወንድሜን ከፊት አስቀምጬ እስከ ማዶው ዳርቻ ቀዝፈን ተመለስን፤ አፍንጫዋ ወደ ግራ የመሳብ ጠባይዋን እንኳ አልተወችም፣ አባቴ ሁልጊዜ በቀኝ መቅዘፊያ እየተነጫነጩ የሚያስተካክሉት የነበረ።

ለሚቀጥለው ክረምት ቦታ የሚፈልግ ሰው እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ራሱ ገላን ሄዶ መነጋገር አለበት፤ ከጣራው ሥር ከስድስት ጀልባ በላይ አይገባም፤ የዝዋዩ ሰውም ሁለተኛ ጀልባውን አሁኑኑ አስመዝግቧል። ጭቃውን ለማይችል መኪና ከሐምሌ በፊት መድረስ ይሻላል። ቫርኒሹን በተመለከተ የሚስማማ ሰው በውሉ ላይ «በዝናብ ቀን አይቀባም» የሚል አንድ መስመር ቢያስገባ ጋሼ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። የእኔን ነጭ መቀመጫ ነቅዬ መኪናዬ ኋላ ላይ ጭኜዋለሁ፤ በኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ያለ ክፍያ ፍቀው እንደገና ሊቀቡልኝ ቃል ገብተዋል።